ኤደን ከባሕር ስትታይ፦ ይህ የመዳብ ሕትመት የጥንት ነው ወይስ ቅጂ?

ሰሎሜ_ዘ
ሰላም ለቤቱ። ከአጎቴ ዕቃዎች መሃል አንድ የታተመ ሥዕል አገኘሁ። ላይኛው ግማሽ በሙሉ የየመኗ ኤደን ከተማ ነው። ከታች ደግሞ ሦስት ትንንሽ የምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች ተደርድረዋል፤ ሞምባሳ፣ ኪልዋና ሶፋላ። ኤደን ላይ ጥርስ የመሰሉ ተራሮች አሉ፣ ጫፍ ጫፋቸው ላይ ግንብ ተቀምጧል። ከተማዋ ከተራሮቹ ሥር በቅጥር ታጥራለች። ባሕሩ ላይ መርከቦች አሉ።

በላቲን የተጻፈ ረጅም ርዕስ አለው። አንድ ላቲን የሚያውቅ ሰው እንዳነበበልኝ፣ ኤደን ከሕንድ፣ ከኢትዮጵያና ከፋርስ ነጋዴዎች የሚሰባሰቡባት ስመ ጥር የንግድ ከተማ ናት ይላል። ኢትዮጵያ የሚለውን ስሰማ እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ እውነተኛ የጥንት ሕትመት ነው ወይስ ለጌጥ የተባዛ? ሁለተኛ፣ ከተማዋ የምር እንዲህ ነበረች? ፎቶ ለጥፌያለሁ። በመስታወት ውስጥ ስለሆነ ትንሽ ያብረቀርቃል፣ ይቅርታ።

ወረቀት_ፈታሽ
ሰሎሜ፣ ጥሩ ነገር ነው እጅሽ የገባው። ሰሌዳውን አውቀዋለሁ። ጌዎርግ ብራውን የተባለ የኮሎኝ ቄስና ፍራንስ ሆገንበርግ የተባለ ቀራጭ ካዘጋጁት ታላቅ የከተሞች አትላስ የመጣ ነው። ስድስት ቅጽ አለው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1572 ወጣ፣ የመጨረሻው በ1617። የኤደን ሥዕል ያለው በመጀመሪያው ቅጽ ነው።

ግን በፎቶ ብቻ «እውነተኛ ነው» ብሎ የሚምል ሰው ካገኘሽ አትመኚው። ይህ አትላስ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ብዙ ጊዜ ተባዝቷል። አንዳንዱ ቅጂ በደንብ የተሠራ ነው። መጀመሪያ ከፍሬሙ አውጪው። ፍሬሙ ጀርባ ላይ ያለውን ወረቀት በቢላዋ ስትቆርጪ ቀስ በይ፣ ሥዕሉ ወዲያው ከሥሩ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ እነዚህን እይልኝ። ከሥዕሉ ጠርዝ ወጣ ብሎ ዙሪያውን የሚሄድ የመጫን ምልክት አለ? ጣትሽን ስታሳልፊበት ወረቀቱ ትንሽ ዝቅ ይላል። የመዳቡ ሰሌዳ በማተሚያው ሲጨመቅ የተወው ነው። መሃል ላይ ከላይ እስከ ታች የመታጠፊያ መስመር አለ? አትላስ ውስጥ ታጥፎ ነበር የሚጠረዘው። ጀርባው ላይስ ጽሑፍ አለ?

ጠርጣሪው
ሁለተኛውን ጥያቄ እኔ ልመልስ። አልነበረችም። 😀

ሆገንበርግ ኤደንን በዓይኑ አላያትም። ብራውንም አላያትም። ኮሎኝ ቁጭ ብለው ነው ያወጡት። በዚያ ዘመን ይሄ የተለመደ ነገር ነው። በ1493 ኑረምበርግ የታተመውን የዓለም ዜና መዋዕል ተመልከቱ። አንዱ የእንጨት ቅርጽ ለብዙ ከተሞች አገልግሏል። ስሙን ብቻ ቀይረው አንዱን ከተማ ሌላ ከተማ ነው ይሉሃል። ስለዚህ ተራራውንም ግንቡንም እንደ ጌጥ እዩት። ግድግዳ ላይ ያምራል፣ አለቀ።

ታሪክ_ወዳዱ
ጠርጣሪው፣ የ1493ቱን በተመለከተ ልክ ነህ። የብራውን አትላስ ግን ከዚያ ልማድ የወጣ ሥራ ነው። ለእያንዳንዱ ከተማ የራሱን ሥዕል ይፈልጉ ነበር። ብራውን እንዲያውም አንባቢዎቹን «ከተማችሁ ካልገባች ሥዕሏን ላኩልኝ» ብሎ ጠይቋል። የአፍሪካና የእስያ ከተሞችን ሥዕል ያገኘው ቆንስታንቲን ፋን ሊስኪርሸን ከሚባል የኮሎኝ ነጋዴ ነው። ምንጩ ዛሬ የጠፉ የፖርቱጋል ሥዕሎች እንደሆኑ ይታመናል።

ስለዚህ ቀራጩ አላየም ማለት ማንም አላየም ማለት አይደለም። የሆነ ፖርቱጋላዊ መርከብ ላይ ሆኖ አይቷታል። መቼ የሚለውን ደግሞ መገመት ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1513 የፖርቱጋሎቹ አዛዥ አፎንሶ ደ አልቡከርክ ወደ 20 የሚጠጉ መርከቦች ይዞ ኤደን ፊት ደረሰ። የከተማዋ ገዥ አሚር መርጃን ይባላል። አልቡከርክ ቅጥሩን በመሰላል ለመውጣት አዘዘ። ወታደሮቹ እኔ ልቅደም እኔ ልቅደም ሲሉ መሰላሎቹ ክብደቱን አልቻሉም፣ ተሰበሩ። ቀድመው የወጡት ውስጥ ቀሩ። ብዙዎቹ በገመድ እየተንጠለጠሉ ወረዱ። ጋርሲያ ደ ሱዛ የሚባለው አዛዥ ግን በገመድ ወርዶ መሸሽን እምቢ አለና እዚያው ሞተ። ፖርቱጋሎቹ በወደቡ የነበሩትን መርከቦች አቃጥለው ሄዱ። ከተማዋን አልያዟትም።

ያቺ ኤደን ናት እንግዲህ ከሥዕሉ ላይ ያለችው። ከባሕር የታየች፣ ሊገቡባት የፈለጓትና ያልገቡባት። ለዚህ ነው ቅጥሩ እና የተራራው ምሽግ እንዲህ ጎልተው የሚታዩት። ቤቶቹ ግን እንደነገሩ ናቸው። ከመርከብ ላይ ሆኖ የሚተኩስ ሰው የሚያየው ግንቡን ነው፣ ጓዳውን አይደለም።

ጠርጣሪው
ይሄ ይሻላል። ግን 1513 እና 1572? 59 ዓመት ነው ልዩነቱ። አትላሱን የገዛ ሰው የዛሬዋን ኤደን ያየ መስሎት አርጅታ ያለፈችውን ነበር የሚያየው።

ታሪክ_ወዳዱ
በትክክል። በመሃል ኦቶማኖች መጥተዋል። ሱሌይማን ፓሻ በ1538 ኤደንን ያዘ። አትላሱ ሲወጣ ከተማዋ የነሱ ነበረች። ሥዕሉ ላይ ግን ጊዜ ቆሟል።

ለሰሎሜ አንድ ነገር ልጨምር፣ ኢትዮጵያ የሚለው ስም ስላስደሰታት። ንግሥት እሌኒ ለፖርቱጋል ንጉሥ የላከችው ማቴዎስ ጎዋ ደርሶ ከአልቡከርክ ጋር የተገናኘው በታኅሣሥ 1512 ነው። የኤደኑ ጥቃት የመጣው ከጥቂት ወራት በኋላ። ማቴዎስ በ1514 ሊዝበን ገባ፤ ከዚያ ሎፖ ሶዋሬስ ከሚባለው አዲስ አዛዥ ጋር ተመለሰ። በ1517 ይሄው ሰውዬ ኤደን ፊት ቆመ። የከተማዋ ቅጥር ከዓመት በፊት በግብፆቹ መድፍ ተጎድቶ ነበርና አሚሩ ልስጥህ አለው። ሶዋሬስ ግን መንገዴ ወደ ጂዳ ነው ብሎ አለፈ። ሲመለስ ቅጥሩ ተጠግኗል፣ አሚሩም ሐሳቡን ቀይሯል። ቢቸግረው ዘይላን አቃጥሎ ሄደ። ምስኪኑ ማቴዎስ ምጽዋ የደረሰው በ1520 ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ደብረ ቢዘን ላይ አረፈ።

ታዲያ እነዚያ ሥዕሉ ላይ ያሉት መርከቦች ከእኛ ታሪክ ያን ያህል ሩቅ አይደሉም ለማለት ነው።

የክሬተር_ሰው
ልጆች፣ ጨዋታችሁን እያነበብኩ ዝም ማለት አቃተኝ። እኔ በወጣትነቴ ኤደን ኖሬያለሁ፣ እንግሊዞቹ ሳይወጡ። በ1967 ሲወጡ ደግሞ እኔ ቀድሜ ወጥቼ ነበር።

ፎቶውን ሳየው ሳቄ መጣ። ተራራው እኮ እሱ ነው! ጠርጣሪው የተባልከው ልጄ፣ ጌጥ አይደለም። አሮጌዋ ከተማ የጠፋ እሳተ ገሞራ ሆድ ውስጥ ነው ያለችው። ለዚህ ነው ክሬተር የምትባለው። ሦስት አቅጣጫዋ ገደል ነው። ጥቁር ድንጋይ፣ አንድ ዛፍ የለበትም። አናቱ የተሰነጣጠቀና የሾለ ነው። ሠዓሊው ትንሽ አስረዝሞት ይሆናል እንጂ ፈጥሮ አላመጣውም። ጫፉ ላይ ያሉት ማማዎችም ፍርስራሻቸው በኛ ጊዜ ይታይ ነበር።

አራተኛው አቅጣጫ ባሕር ነው። ፊት ለፊቱ ሲራ የምትባል ድንጋያማ ደሴት አለች፣ ምሽግ ያላት። በኛ ጊዜ ከየብስ ጋር በመንገድ ተገናኝታ ነበር። የድሮው ወደብ እዚያ ነው፣ በምሥራቅ በኩል። ዛሬ በመርከብ የሚመጣ ሰው የሚወርደው በሌላው ጎን ነው፣ ተዋሂ። እንግሊዞቹ በ1839 ከያዟት በኋላ ነው ነገሩ ሁሉ ወደዚያ የዞረው። የሱዌዝ ቦይ በ1869 ሲከፈትማ የድንጋይ ከሰል የሚጭን መርከብ ሁሉ እዚያ መቆም ጀመረ። ታዲያ አንድ ሰው ይህን ሥዕል ይዞ ተዋሂ ቢቆም አንዱንም ነገር አያገኘውም። ተራራውን ዞሮ ሲራ ፊት መቆም አለበት።

ውሃ የሚያጠራቅሙትን ትልልቅ ጉድጓዶችስ አሳይቷል? ታዊላ የሚባሉት ከተራራው ሥር ናቸው። ዝናብ በዓመት አንዴም ላይመጣ ይችላል፤ ሲመጣ ግን ከገደሉ ላይ እየጋለበ ነው የሚወርደው። እሱን የሚይዙ ናቸው።

ሰሎሜ_ዘ
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ይሄንን ነበር የምፈልገው። የውሃ ጉድጓዶቹን ፈልጌ አላየሁም። ከተራራው ሥር ቤቶች ብቻ ናቸው።

የክሬተር_ሰው
ከባሕር ሆኖ አይታዩም ልጄ። ሸለቆው ውስጥ ገባ ብለው ነው። ይሄ ራሱ ሠዓሊው መርከብ ላይ እንደነበረ ያሳያል።

ጠርጣሪው
ጋሼ፣ እጅ ሰጥቻለሁ። ተራራው ይሁን። ቤቶቹን ግን አልምርም፤ የአውሮፓ ከተማ ቤቶች ናቸው።

ታሪክ_ወዳዱ
እሱማ ቀራጩ የሚያውቀውን ጣራ ሰጣቸው። መነሻው ሥዕል ላይ ምናልባት አራት ማዕዘን ብቻ ነበር የተሠራው። ለዚህ ነው እንዲህ ያለውን ሥዕል ቁራጭ በቁራጭ ማመን ያለብን። የመሬቱን አቀማመጥ እመን፣ የቅጥሩን አካሄድ በግማሽ እመን፣ መስኮቱን አትመን።

ሰሎሜ_ዘ
ወረቀት ፈታሽ፣ ከፍሬሙ አወጣሁት! ጀርባው በላቲን ጽሑፍ የተሞላ ነው። መሃል ላይ መታጠፊያ አለ፣ በቀጭን ወረቀት ተለጥፏል። ዙሪያውን ዝቅ ያለ መስመር አለ፤ ላዩ ላይ ጣቴን ሳሳልፍ ይሰማኛል። ስለካው ወደ 33 በ47 ሳንቲሜትር። በአንድ በኩል ግን ነጩ ኅዳግ ተቆርጧል፣ ከመስመሩ ጥግ ድረስ። ፍሬም የሠራው ሰው ይመስለኛል ያሳጠረው። አናደደኝ።

አረንጓዴ የተቀባው ቦታ ደግሞ በጀርባ በኩል ቡኒ ሆኖ ይታያል። ይሄ ሻጋታ ነው እንዴ?

ወረቀት_ፈታሽ
ልኬቱ ይሄዳል። ቡኒው ሻጋታ አይደለም፣ ጥሩ ምልክት ነው! የድሮው አረንጓዴ ከመዳብ ዝገት ነበር የሚሠራው። ከጊዜ ጋር ወረቀቱን ይበላል፣ ወደ ጀርባም ቡኒ ሆኖ ያልፋል። ቅርብ ጊዜ የተቀባ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባላለፈ። ቀለም የሚቀባው በእጅ፣ ከሕትመት በኋላ ነው፤ ብዙ ሰው ይሄን አያውቅም። ሕትመቱ ራሱ ጥቁርና ነጭ ነው።

አሁን ሁለት ፈተና ይቀራል።

በቀን ብርሃን መስኮት ላይ አንሺው። በወረቀቱ ውስጥ ትይዩ ሆነው የሚሄዱ ፈዛዛ መስመሮች ይታያሉ? ወረቀቱ የሚነጠፈው ሽቦ በተዘረጋበት ወንፊት ላይ ነበር፤ የሽቦው አሻራ ይቀራል። ዕድል ካለሽ የወረቀት ሠሪው ምልክትም ይታያል።

ከዚያ አጉሊ መነጽር አምጪና የተራራውን ጥላ እይ። በመዳብ የተቀረጸ ከሆነ ጥላው የተሠራው በቀጭን ጭረቶች ነው። ጭረቱ ሲጀምር ስል ነው፣ መሃል ላይ ይወፍራል፣ ሲያልቅ እንደገና ይሳላል። የቀራጩ መሣሪያ መዳቡ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ነው እንደዚያ የሚሆነው። ቀለሙም ከወረቀቱ ላይ በጣም ትንሽ ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ምክንያቱም ከጉድጓዱ ውስጥ በእርጥብ ወረቀት ተስቦ ነው የወጣው። ቅጂ ከሆነ ግን ነጠብጣብ ታያለሽ፣ ጋዜጣ ላይ እንዳለ ፎቶ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የመጫን ምልክቱን ብቻ አትመኚ። ቅጂ የሚሠሩ ሰዎች ባዶ ሰሌዳ ጭነው ምልክቱን ያመጡታል። ወረቀቱንም ሻይ ውስጥ ነክረው ያስረጁታል። ጭረቱን ግን ማስመሰል ከባድ ነው።

ሰሎሜ_ዘ
ጭረት ነው! ነጠብጣብ የለም። ተራራው ጥላ ላይ ጭረቶቹ እርስ በርስ ይቋረጣሉ፣ ጫፋቸው እንደ መርፌ ቀጭን ነው። መስመሮቹም በብርሃን ታዩኝ። የወረቀት ሠሪው ምልክት ግን መታጠፊያው ላይ የወደቀ ይመስለኛል፣ ግማሽ ነገር ነው የሚታየው።

ወረቀት_ፈታሽ
እንግዲያው የጥንት ሕትመት ነው ለማለት በቂ ነው። የትኛው እትም እንደሆነ ጀርባው ላይ ያለው ጽሑፍ ይነግርሻል። አትላሱ በላቲን ነው የጀመረው፣ ብዙም ሳይቆይ ጀርመንኛና ፈረንሳይኛ ተከተሉ። ያንቺ ላቲን ነው። ላቲኑ ራሱ ግን በተለያዩ ዓመታት ደጋግሞ ታትሟል። ጽሑፉን ፎቶ አንሺና ቤተ መጻሕፍት በኢንተርኔት ካስቀመጧቸው ሙሉ አትላሶች ጋር መስመር በመስመር አስተያዪው። የመስመር አጨራረስ ይለያያል።

የጭረቱን ጥራትም እይ። መዳብ ለስላሳ ነው፣ በታተመ ቁጥር ያልቃል። ቀጫጭን ጭረቶቹ ደብዝዘው ከሆነ ሰሌዳው ብዙ ሠርቶ የታተመ ነው። እነዚህ ሰሌዳዎች ረጅም ዕድሜ ኖረዋል፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ብዙዎቹ አምስተርዳም ያን ያንሶን የሚባል አሳታሚ እጅ ገብተው እንደገና ታትሞባቸዋል።

ቀለም_በጥብጥ
እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ከታች ያሉትን ሦስቱን ከተሞች ቆርጦ ለብቻ ፍሬም ማድረግ ይቻላል? ኤደን ለብቻዋ ብትሆን ትልቅ ትመስላለች። ለሳሎን ያምራል።

ወረቀት_ፈታሽ
ኧረ በፈጠራችሁ!

ታሪክ_ወዳዱ
እንዳትነኩት። አንድ ላይ የተቀመጡት በምክንያት ነው። አራቱም የዚያን ዘመን የፖርቱጋሎችን መንገድ የሚያሳዩ ናቸው። በ1505 ኪልዋና ሞምባሳ በፍራንሲስኮ ደ አልሜዳ ተዘረፉ፤ ሶፋላ ላይም በዚያው ዓመት ምሽግ ሠሩ። ወርቁ በመርከብ የሚላክባት ሶፋላ ነበረች፣ ንግዱን የምትቆጣጠረው ኪልዋ ነበረች። ኪልዋን ኢብን ባቱታ በ1331 አይቶ አድንቋታል። ዛሬ ታንዛኒያ ውስጥ ፍርስራሿ ከ1981 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ነው። የሶፋላ ምሽግ ግን የለም። ድንጋዩ ሞዛምቢክ ውስጥ የቤይራ ካቴድራል ሲሠራ ተወሰደ፣ የቀረውን ባሕሩ በላው። ስለዚህ ከታች በስተቀኝ ያለችው ያቺ ትንሽ ሥዕል እንደ ዋዛ የምትታይ አይደለችም።

የክሬተር_ሰው
እኔም አንድ ነገር ልበል። ቆርጦ ማለት ምን ማለት ነው? ሞምባሳ የኤደን ጎረቤት ናት በባሕር። ነፋሱ ሲዞር በጀልባ የሚሄዱ ነጋዴዎች በእኛ ጊዜም ነበሩ። አንድ ላይ ይኑሩ።

ቀለም_በጥብጥ
እሺ እሺ፣ ጠየቅሁ እንጂ አልቆረጥኩም 😅

ሰሎሜ_ዘ
ማንም አይቆርጣትም። አሁን ግን እንዴት ልስቀላት? ድሮ የነበረበት ካርቶን ቢጫ ሆኗል፣ ጠርዙ ላይም ስኮች ተለጥፏል።

ወረቀት_ፈታሽ
ስኮቹን ራስሽ አታንሺው። ሲላቀቅ የወረቀቱን ፊት ይዞ ይመጣል። ወረቀት ለሚጠግን ባለሙያ ተይለት።

ቢጫውን ካርቶን ጣይው። ካርቶኑ ውስጥ ያለው አሲድ ነው ቀስ በቀስ ወደ ሥዕሉ የሚሄደው። አሲድ አልባ ካርቶን አድርጊ። መስታወቱ ሥዕሉን መንካት የለበትም፤ በመሃላቸው መስኮት የተቆረጠለት ካርቶን ይግባ። ሥዕሉን ሙሉ በሙሉ አታጣብቂው፣ ከላይ ብቻ በሁለት ትንንሽ የጃፓን ወረቀት ማንጠልጠያ ይያዝ። ሙጫውም የስንዴ ስታርች ይሁን፣ በውሃ የሚለቅ።

ፀሐይ የሚደርስበት ግድግዳ ላይ አይሁን። ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤት አጠገብም አይሁን። ጥቁሩ ቀለም ብርሃን አይፈራም፣ በእጅ የተቀቡት ቀለሞች ግን ይፈራሉ። ወረቀቱ ራሱ ከተልባ ጨርቅ ብጫቂ የተሠራ ስለሆነ ጠንካራ ነው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንጨት ወረቀት የተሻለ ዕድሜ አለው።

የተቆረጠውን ኅዳግ በተመለከተ ምንም አታድርጊ። ሙላልኝ የሚልሽ ሰው ቢኖርም እሺ አትበዪ።

ጠርጣሪው
ጀርባው ላይ ያለው ላቲንስ? ፍሬም ውስጥ ተደብቆ ሊቀር ነው?

ወረቀት_ፈታሽ
ከመዝጋቷ በፊት በደንብ ስካን ታድርገው። ሁለት ጎን መስታወት ያለው ፍሬምም አለ፣ ግን ግድግዳ ላይ ጥቅሙ አይታየኝም።

አዲስ_ገቢ
ሰላም፣ ከሰሎሜ ጋር አንድ ዓይነት ሥዕል አለኝ። ተራራው፣ ግንቡ፣ ሦስቱ ከተሞች፣ ሁሉም እኩል ነው። ግን ጀርባው ባዶ ነው፣ ወረቀቱም ወፈር ይላል። ታዲያ ይሄ ቅጂ ነው ማለት ነው?

ወረቀት_ፈታሽ
የግድ አይደለም። የብራውን ዘመን እትሞች ጀርባቸው ጽሑፍ አለው፤ ሰሌዳዎቹ ከእጅ ወደ እጅ ካለፉ በኋላ ግን ጀርባ ባዶ ሆነው የታተሙ አሉ። ወረቀቱ መወፈሩ ግን ያጠራጥረኛል። አጉሊ መነጽሩን ተራራው ጥላ ላይ አድርግና ነጠብጣብ ካለ ንገረን። ፎቶህን በአዲስ ክር ለጥፈው፣ እዚህ ከሰሎሜ ሥዕል ጋር ይቀላቀልብናል።